ቁርጭምጭሚትህ ሲታይ

ልጄ፣ ባለፈው የሲዳማ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ጉዱማሌ ላይ አየሁህ። አንተ አላየኸኝም፤ ከጓደኞችህ ጋር የቄጣላውን ጭፈራ እየተከተልክ ትዘል ነበር። ከወገብህ በታች ያማረ ባለጥለት ሸማ አገልድመሃል፤ ከላይ የእግር ኳስ ማሊያ፣ ከታች ጭቃ የጠገበ ስኒከር። ደስታህን ላለማደፍረስ ዝም ብዬ አለፍኩ። ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ስፌት መኪና ፊት ተቀምጬ ኖሬ፣ ለእህቴ ልጅ ስለ ልብስ አንድ ቃል ካልነገርኩ ማን ሊነግረው ነው?

1. የሚገለደም ነገር ስትለብስ ከእግርህ ጀምረህ አስብ። ሱሪ ወንድን ያሰንፋል። የተቀደደ ካልሲውንም፣ ያልታጠበ ተረከዙንም ሸፍኖለት ይውላል። ሽርጥ ምስጢር አይጠብቅም። እሱ ያበቃበት ቦታ ላይ እግርህ ይጀምራል፤ ቁርጭምጭሚትህን ያላየ ሰው አይኖርም። ሱቄ ከሚመጡት ልጆች ብዙ ጊዜ ያየሁት ነው። ዕድሜ ልኩን እጁ የገባውን ሲለብስ የኖረ ጎረምሳ ለጓደኛው ሠርግ ብሎ አንድ ሽርጥ ይገዛል። በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣና «ጋሼ፣ ከዚህ ጋር የትኛው ሸሚዝ ይሄዳል?» ይለኛል። ቀጥሎ ስለ ጫማ፣ ቀጥሎ ስለ ቀበቶ ይጠይቃል። እህቶቹ በአሥር ዓመታቸው የጠየቁትን እሱ በሃያ አምስቱ ጠየቀ። ዘገየህ ብዬው አላውቅም፤ ወንበር ሰጥቼ አስቀምጠዋለሁ።

2. ኪልት ሲባል ሰምተህ አትሳቅ። ስኮትላንዳውያን ወንዶች የሚለብሱት ባለሽንሽን ልብስ ነው፤ የልብስ ሰፊ ዓይን ይዘህ ብታየው ባርኔጣህን ታነሳለታለህ። ሙሉው 7 ሜትር ያህል ሱፍ ይበላል። ሽንሽኑ ሁሉ ወደ ኋላ ይሄድና ፊቱ ለጥ ብሎ ይቀራል። ኪስ ስለሌለው ከወገብ በታች ፊት ለፊት የቆዳ ከረጢት ይንጠለጠላል። ጉልበት ስለሚታይ እስከ ጉልበት ሥር የሚደርስ የሱፍ ካልሲ ያስፈልጋል፤ ካልሲው እንዳይንሸራተት ማሰሪያ ይፈልጋል። ኮቱም አጠር ተደርጎ ይሰፋል፣ ካልሆነ ሽንሽኑን ይውጠዋል። አየህ፣ አንዱ ልብስ ሌላውን እየጠራ ነው የሚመጣው! ለባሹ ሳያስበው ራሱን ከእግር እስከ አንገት ሲያስተካክል ይገኛል። የብሪታንያ መንግሥት ከስኮትላንድ ደጋ ሰዎች አመፅ በኋላ ይህንን ልብስ እ.ኤ.አ. በ1746 በሕግ ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት የተከለከለ ልብስ ዛሬ ሙሽራ በኩራት ይለብሰዋል።

3. አንዱ ይምራ፣ የቀረው ይከተል። የጋሞውን ዱንጉዛ ለብሰህ ስትወጣ ዱንጉዛው ነው አባወራው። ቀዩ፣ ቢጫውና ጥቁሩ ከሩቅ ይጮሃሉ። እዚያ ላይ አበባ ያለበት ሸሚዝ ስትጨምርበት በአንድ ቤት ሁለት አባወራ አስገባህ ማለት ነው፤ ሲጣሉ ይውላሉ። ከሦስቱ ቀለሞች አንዱን ብቻ ምረጥና ሌላ ቦታ ላይ ድገመው። ጥቁሩን ከመረጥክ ጫማህና ቀበቶህ ጥቁር ይሁኑ፤ ሸሚዝህ ያለምንም ጌጥ ነጭ ይሁን። ቢጫው እንደሆነ ጌጥነቱ በቂ ነው፣ ተወው። እናንተ «ማች» የምትሉት ሁሉንም አንድ ዓይነት ማድረግ ይመስላችኋል፤ ከራስ እስከ እግሩ በቀይ የተነከረ ልጅ አይቼ ስለማውቅ ነው የምነግርህ። ሌላም ነገር አስታውስ። ያንን ጨርቅ የጋሞ ሰው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ፣ በእግሩ እየረገጠ በእጁ እየወረወረ ነው የሠራው። በዶርዜ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ክሩን አንድ በአንድ መርጦ ያገጣጠመው ወንድ ነው። እንግዲያ ቀለም መምረጥ የሴት ሥራ ነው ያለህ ማነው?

4. ቀለም በአምፖል አትምረጥ። ጨርቁንም ሸሚዙንም ይዘህ ደጅ ውጣ፤ ቡኒ ያልከው ወይን ጠጅ ሆኖ ታገኘዋለህ።

5. ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። ይህ ላይ ብዙ ወንድ ይወድቃል፣ እኔም ወድቄበታለሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ ከተማችን ነጭ በነጭ ትሆናለች። ያን ጊዜ ቆመህ ተመልከት። በእጅ የተፈተለ ማግ ያለበት ጋቢ ነጭነቱ የወተት ነው፤ ሙቀት አለው። የፋብሪካ ሸሚዝ ነጭነት ደግሞ ወደ ሰማያዊ ያጋድላል። ሁለቱን ስታነባብራቸው የእናትህ ጋቢ፣ ያ በአራት ድርብ የተሠራው ክቡር ነገር፣ ያልታጠበ ይመስላል። ጥፋቱ የጋቢው አይደለም። ከጋቢና ከኩታ ሥር በእጅ የተሠራ ጥጥ ልበስ፤ ካጣህም ክሬም ወይም ግራጫ ሸሚዝ ይሻላል። በ2008 ዓ.ም. በተከፈተው የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሸሚዝ ሲሰፉ የሚውሉትን ጓደኞችህን ጠይቃቸው። የኮሌታው ቀለም ከገላው ጥቂት ከተለየ ያ ሸሚዝ አያልፍም። ባሕር ማዶ ለሚለብሰው ሰው ይህን ያህል ዓይናችን ከተጨነቀ ለራሳችንም ይጨነቅ።

6. የጥለቱን አነጋገር ሳታውቅ አትልበስ። ልጅ ሳለሁ አንድ ሠርግ ላይ አዲስ ኩታ ደርቤ ሄድኩ። ቀለሙ ከሱሪዬም ከጫማዬም ጋር ገጥሟል፤ ልቤ ሞልቷል። ድንኳኑ በር ላይ አንዲት እናት ደንግጠው ያዙኝና «ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉኝ። ጥለቱን ወደ ፊቴ አዙሬ ለብሼው ነበር፤ ይህ የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። እዚያው በሰው ፊት ገለበጡልኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው አስገቡኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው ቤት ከመግባቴ በፊት እጄ ሳላዘው ጥለቱን ይፈልጋል። ቀለም መግጠሙ ምን ይጠቅምሃል፣ ልብስህ ለሠርገኛ መርዶ ካወራ?

7. የሰው ልብስ ስትለብስ ባለቤቱን ጠይቅ። ወገብ ላይ የሚገለደመውን አፋር ሳናፊል ይለዋል፣ ሶማሌ ማዓዊስ ይለዋል፤ አንተ ሁሉንም ሽርጥ ብለህ ታልፋለህ። አስተሳሰሩ፣ ርዝመቱ፣ ከላዩ የሚደረገው ይለያያል። ሐዋሳ የሲዳማው፣ የወላይታው፣ የጋሞው፣ የስልጤው፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞው፣ የአማራው ልጅ በአንድ ግቢ የሚያድግባት ከተማ ናት፤ የምትጠይቀው ጎረቤት አታጣም። ጉዱማሌ ላይ የነበሩትን የሲዳማ ሽማግሌዎች ልብ ብለሃቸዋል? ጋሻው በአንድ እጅ፣ ጦሩ በሌላው፣ ሸማው በቦታው፣ እርምጃው ከዜማው ጋር። ከአናታቸው እስከ እግራቸው ያለቦታው የገባ ነገር ብትፈልግ አታገኝም። ዩኔስኮ ፊቼን በ2008 ዓ.ም. የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ እነዚህ አባቶች ልብሳቸውን በየዓመቱ እንዲሁ አሟልተው ሲመጡ ኖረዋል። አንተ ከኋላቸው በማሊያ ስትከተል ያዘንኩት ለዚህ ነው። ሕፃናት አንተን እያዩ ነበር።

8. ያለህን እጠብ፣ ተኩስ፣ ጠግን። አዲስ መግዛት የመጨረሻው ነው። ገንዘብ ስለሌለኝ አልተስተካከልኩም የሚለኝን ልጅ አላምነውም፤ ጫማ ለመጥረግ ጨርቅና አምስት ደቂቃ ይበቃል። የተበተነ ዘርፍ በመርፌ ይያዛል፣ የረዘመ ሽርጥ ወገብ ላይ አንዴ ይጠቀለላል። ስኒከርህንም አልጠላሁትም። የጠላሁት ጭቃውን ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ሱቅ ና። ያን ባለጥለት ሸማ አምጣው፤ ጫፉ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ክር ሲተረተር አይቻለሁ። ነጩን ሸሚዝህንም ያዝ፤ ደጅ አውጥተን ጎን ለጎን እናያቸዋለን። ጫማህን ግን ቤት ጠርገህ ና።