በቃጠሎ ምክንያት ሆስፒታል ለተኛ ሕመምተኛ ስለሚሰጥ ምግብ

አንድ ሰው በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ሆስፒታል በገባ ጊዜ፥ የዘመዶቹ ሐሳብ ሁሉ በቅባቱና በፋሻው ላይ ነው። ስለ ምግቡ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚህ ወር ትምህርታችን ይህንኑ ለመግለጽ አስበናል።

ቃጠሎው ሰፊ ሲሆን ከቍስሉ ውሃ፥ ጨውና ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን ይፈሳል፤ ሙቀትም ይባክናል። ሰውነት ይህን ለመተካት ሌሊትና ቀን ስለሚደክም፥ ከቈዳው እኩሌታ ያህል የተቃጠለበት ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ፥ በጤናው ዐርፎ ሲተኛ ከሚያጠፋው ኀይል እጥፍ የሚጠጋ ሊያጠፋ ይችላል። በቂ ምግብ ካላገኘ የገዛ ጡንቻውን ያነዳል። ጡንቻው የመነመነ ሕመምተኛ ለማሳል እንኳ አቅም ያጣል፤ ቍስሉ ሳይጠግግ ይቈያል፤ የተለጠፈለትም ቈዳ ሳይይዝ ሊቀር ይችላል።

እስቲ እናስላ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ጤነኛ ሰው በቀን ወደ 48 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። ያው ሰው በብርቱ ቢቃጠል ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.5 እስከ 2 ግራም፥ ማለት ከ90 እስከ 120 ግራም ያስፈልገዋል። አንድ የዶሮ እንቍላል 6 ግራም ያህል፥ አንድ ሊትር የላም ወተት 32 ግራም ያህል ይሰጣል። እንግዲህ ከቤት በፔርሙዝ የሚመጣው ቀጭን አጥሚትና ሻይ ምን ያህል እንደሚጎድለው መምህራን በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩ ይችላሉ።

አንዳንዶች እንቍላልና ወተት ቍስል ያመረቅዛል ብለው ይከለክላሉ። ይህ ስሕተት ነው፤ ቍስል የሚያመረቅዙት በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው። ጾም አልገድፍም ለሚል ሕመምተኛ የንስሐ አባቱን ማማከር ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ትፈቅዳለችና። እስከዚያው ሽሮው፥ ምስሩና ኦቾሎኒው ይብዛለት።

ምግቡ ሐኪሙ እንደ ፈቀደ፥ ከተቻለ በ12 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በአፉ መብላት ለማይችል በአፍንጫው በኩል እስከ ጨጓራ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይገባለታል። ቱቦውን አይተው የሚያለቅሱ ዘመዶች አሉ፤ ቱቦው ግን መመገቢያ እንጂ የሞት ምልክት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የቀዶ ጥገናው ቀን ነው። ማደንዘዣ የሚሰጠው ሰው ሳይበላ እንዲቈይ ይታዘዛል፤ ተራው ለነገ ሲተላለፍ ማንም ሳያስበው ቀኑን ሙሉ ተርቦ ይውላል። ይህ ደጋግሞ ሲሆን ጉዳቱ ብርቱ ነው። ስለዚህ አስታማሚው መተላለፉን እንደ ሰማ «አሁን ይብላን?» ብሎ ነርሷን ወዲያው ይጠይቅ። ፋሻ ሲለወጥም ሕመሙ የምግብ ፍላጎት ስለሚያጠፋ፥ ጥቂት ዐርፎ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ቢጐርስ ይሻላል።

ሕመምተኛው በየሳምንቱ ይመዘናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በደም ሥር በሚሰጠው ፈሳሽ ሰውነቱ ያብጣልና፥ ክብደት ጨመረ ተብሎ ደስ አይባል፤ እውነተኛው ክብደቱ የሚታወቀው እብጠቱ ከጐደለ በኋላ ነው።