ሹክር በምላስ ብቻ አይደለም

ኒዕማ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ሀብትና ሹመት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን ከአቡበክርና ከዑመር ጋር ተርበው አንድ አንሷሪይ ቤት ቴምር፣ ሥጋና ውሃ ከቀመሱ በኋላ፣ በቂያማ ቀን ስለዚህም እንደሚጠየቁ ነግረዋቸዋል።

ዑለሞች ሹክር በልብ፣ በምላስና በሥራ ነው ይላሉ። በእንጅባራ ብርድ የከሰል ምድጃ ከበን ስንሞቅ «አልሐምዱሊላህ» እንላለን። ከሰሉ ግን የፋግታ ለኮማ ገበሬ ዲከረንስ ተክሎ፣ ዓመታት ጠብቆ ያከሰለው ሊሆን ይችላል። ሰውን ያላመሰገነ አላህን አላመሰገነም ተብለናልና በዋጋ ስንከራከር ድካሙን አንርሳ።

ድመትም ኒዕማ ናት፤ እህላችንን ከአይጥ ትጠብቃለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነጃሳ እንዳልሆነች አስተምረዋል። ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ሰበብ እንደተቀጣችም ተናግረዋል። ስለዚህ ሹክሯ ማብላት ነው።

የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም ታተመ። ዐረብኛ የማያውቅ የዳንግላ ሰውም ዛሬ መልእክቱን ቤቱ ተቀምጦ ማንበብ ይችላል። የዚህ ኒዕማ ሹክር መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ ማሳመር ሳይሆን፣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቦ ማሰማት ነው።

አላህ ከአመስጋኞች ያድርገን። አሚን!