ለትንሽ ኮምፒውተር ከርነል ስለ ማሰናዳት



የኪነ ጥበባት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ኮምፒውተር አስኳል ለመጻፍ መነሣታችንን አይቶ የሚስቅ የምሕንድስና ተማሪ ቢኖር አንቀየመውም። እኛም ከጥቂት ወራት በፊት ብንሰማው እንስቅ ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት አረቅጥ ላይ አንድ የማይመለስ ነገር ከእጃችን ጠፋ፤ የጠፋበትም ምክንያት ይህ ከርነል የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሰናዳ አለማወቃችን ነበር። ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ማካፈል ይገባናል ብለን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

አረቅጥ በጉራጌ ዞን የጉመር ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ እንሰቱ፣ ገብሱና ድንቹ የበረከተበት፣ በክረምት ጉሙ እስከ ረፋድ የማይገፈፍበት አገር። ከመካከላችን አንዱ የዚያው ልጅ ነው። ሐሳባችንም የአረጋውያንን ተረት በጉመር አነጋገር በድምፅ መቅዳት ነበር። እኛ ደብተር ይዘን ፊት ለፊት ስንቀመጥ ግን ተረቱ እንደ ፈተና መልስ እያጠረ አስቸገረን። ስለዚህ አንዲት መቅጃ ሣጥን በቤቱ ትተን ብንወጣ፣ ሰው በፈቀደው ሰዓት ቁልፏን ተጭኖ ቢናገር ይሻላል አልን።

ሣጥኗ ውስጥ ያለው ራስበሪ ፓይ የሚባለው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 መሸጥ የጀመረው፣ የባንክ ካርድ የሚያህል ኮምፒውተር ነው። ስክሪን የለውም፤ ደብተራችንን የተካው አንድ ቁልፍና አንድ መብራት ብቻ ነው። ማይክሮፎን መቀበያ ስለሌለው የድምፅ ካርድ በዩኤስቢ ጨመርንለት። እያንዳንዱን ቅጂ በዕለቱ ቀንና በተራ ቁጥር እየሰየመ እንዲያስቀምጥ አጭር ፕሮግራም ጻፍንለት፤ ተራ ቁጥሩም ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ከ1 ይጀምር ነበር። እዚህ ላይ ስሕተቱ የታየው አንባቢ ካለ ከእኛ ይልቅ ብልህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የጓደኛችን አያት ቁልፉን ተጭነው ወደ ግማሽ ሰዓት የሚጠጋ ተረት ተናገሩ። የልጅ ልጆቻቸው እሳቱን ከበው ሲስቁ እኛ ከደጅ ሆነን እንሰማ ነበር። ማታ መብራት ጠፋ፤ በማግስቱ መጣ። ጧት አንድ ሕፃን ቁልፉን ተጭኖ ዘፈን ዘፈነ። ኋላ ቅጂዎቹን ስንከፍት ቁጥር 1 የሕፃኑ ዘፈን ነው። የአያትየው ተረት የለም። በሁለቱም ቀን ሣጥኗ የመዘገበችው ቀን አንድ ነበር፤ ይኸውም በፈረንጅ ጥር 1 ቀን 1970፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.።

ለምን ይህ ቀን ሆነ? የሊኑክስ ከርነል ጊዜን የሚያውቀው ከዚያች ዕለት ጀምሮ ሰከንድ በመቁጠር ነው። ባለ ባትሪ ሰዓት ያለው ኮምፒውተር ሲነሣ ከሰዓቱ ይጠይቃል። ይህች ትንሽ ካርድ ግን እንዲህ ያለ ሰዓት አልተሠራላትም፤ ኢንተርኔት ካገኘች ከዚያ ትጠይቃለች፤ ካላገኘች ከዜሮ ትጀምራለች። እኛም መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ 1962 ዓ.ም. ትመለስ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ።

ሰዓት መግዛትስ ቀላል ነው። ዲኤስ 3231 የሚባል፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ የሚጎርስ ትንሽ ሰዓት በዓይነቱ ተገኘ። አስቸጋሪው ከርነሉ ሰዓቱን እንዲያውቀው ማድረግ ሆነ፤ ትምህርታችንም ከዚህ ይጀምራል።

ከርነል ማለት በመሣሪያውና በፕሮግራሞች መካከል የሚቆም የኮምፒውተሩ አስኳል ነው። ማስታወሻውን ለፕሮግራሞች የሚያካፍል፣ ከዲስክ የሚያነብ፣ የቁልፉን መጫን የሚሰማ እርሱ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሊኑክስ ሲያወጣ ጽሑፉ 10,000 መሥመር ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን መሥመር በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ ታዲያ ለአንዲት ሣጥን አያስፈልግም። አብዛኛው በዓለም ላይ ላሉ የመሣሪያ ዓይነቶች የተጻፈ ድራይቨር ነውና፣ የሚበጀውን መርጦ የማይበጀውን መተው ግድ ይሆናል። ማሰናዳት የምንለው ይህን ምርጫ ነው።

በአገራችንም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ኤክስኦ የሚባሉት አረንጓዴና ነጭ የልጆች ላፕቶፖች በአዲስ አበባና በገጠር ላሉ አንዳንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲታደሉ፣ በውስጣቸው የነበረው ለዚያ መሣሪያ ተብሎ የተሰናዳ የሊኑክስ ከርነል ነበር፤ ማስታወሻቸው 256 ሜጋባይት ብቻ ነበርና ትርፍ የሚጫንበት ቦታ አልነበረም።

ምርጫው የሚካሄደው ሜኑኮንፊግ በሚባል ሰሌዳ ላይ ነው። በሰሌዳው ላይ ከ10,000 የሚበልጡ ጥያቄዎች በየምዕራፉ ተደርድረዋል። ለአብዛኞቹ መልሱ ሦስት ዓይነት ነው። ዋይ ብንል ክፍሉ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይሰፋል፤ በሰሌዳው ላይም ኮከብ ይታያል። ኤም ብንል ሞጁል ይሆናል፤ ማለት ለብቻው በፋይል ተቀምጦ ሲፈለግ ብቻ ይጫናል። ኤን ብንል ጭራሽ ይቀራል። መልሶቻችን ሁሉ ኮንፊግ በምትባል አንዲት ፋይል ይጻፋሉ። ይህችን ፋይል ቅዱ፤ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ እኛ አንድ ጊዜ አጥፍተናት የሦስት ቀን ሥራ ደግመናል።

ከባዶ መጀመር ሞኝነት ነው። ለየቦርዱ ዓይነት ዴፍኮንፊግ የሚባል መነሻ ዝርዝር አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ጥቂት ጥቂቱን መለወጥ፣ በየለውጡም መሞከር ይበጃል። ይህን ምክር እኛ አልሰማንም። ከርነሉን እናሳንስ ብለን በአንድ ሌሊት ብዙውን ሰረዝን፤ ከዚያም የቀረውን ወደ ሞጁል አዛወርን። ኤክስት 4 የሚባለውን፣ ከርነሉ በካርዱ ላይ ያሉትን ፋይሎች የሚያነብበትን ክፍል ሳይቀር ሞጁል አደረግነው። ሣጥኗን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝተን ስናስነሣት ጥቂት መሥመር ጻፈችና የሥሩን የፋይል ሥርዓት ማግኘት አልቻልኩም ብላ ቆመች። ይህ ከርነል ፓኒክ ይባላል። ስሙ አያስፈራ፤ እርሱ ራሱ የደነገጠው ስለ ሆነ የእኛ መደንገጥ ትርፍ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ካርዱን ለማንበብ ኤክስት 4 ያስፈልጋል፤ ኤክስት 4 ግን ሞጁል ሆኖ የተቀመጠው እዚያው ካርዱ ላይ ነው። የሣጥኑን ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ እንደ መቆለፍ ያለ ነው። እርግጥ ነው፣ ትልልቆቹ የሊኑክስ ዓይነቶች ኢኒትራምፋዝ የሚባል ትንሽ ስንቅ ከከርነሉ ጋር አብረው በማስነሣት ይህን ችግር ያልፉታል። ለእኛ ሣጥን ግን ቀላሉ መንገድ ካርዱን የሚያነበውን የኤምኤምሲ ክፍልና ኤክስት 4ን ሁለቱንም ኮከብ መስጠት ነበር። ከርነሉ ቆሞ እስኪራመድ ድረስ የሚያስፈልገው ሁሉ አብሮ ይሰፋ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ እንደ ዩኤስቢ የድምፅ ካርዳችን ያለው፣ ሞጁል ቢሆን ግድ የለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። የዲኤስ 3231 ድራይቨር በራሱ ስም አይገኝም፤ ዲኤስ 1307 በሚባለው የቀድሞ ወንድሙ ስም ነው የተጻፈው። በሰሌዳው ላይ የመፈለጊያ ምልክት የሆነችውን የቀኝ ዘንበል ሰረዝ ተጭነን 1307 ብለን አገኘነው። ኮከብ ልንሰጠው ብንሞክር ግን ኤምን እንጂ ዋይን አልቀበል አለ። ደጋግመን ተጫንን፤ እምቢ።

ይህ እምቢታ ነው ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን። ከርነሉ ውስጥ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ይቆማል። ሰዓቱ የሚናገረው አይቱሲ በሚባል ሁለት ገመድ ነው፤ እኛም በዚያ የሽርሽር ሌሊታችን አይቱሲን ሞጁል አድርገነው ነበር። የሚቆምበት ነገር ሞጁል ከሆነ የሚቆመው ከሞጁልነት ከፍ ሊል አይችልም፤ ምሰሶው ገና ሳይተከል ጣራ አይከደንም። የአይቱሲን የጋራ ክፍልና የቦርዱን የአይቱሲ መቆጣጠሪያ ሁለቱንም ኮከብ ስንሰጣቸው ሰዓቱም ወዲያው ኮከብ ተቀበለ። እንግዲህ አንድ ምርጫ አልታይ ወይም አልለወጥ ቢላችሁ ሰሌዳውን አትራገሙ፤ የጥያቄ ምልክቱን ተጭናችሁ በምን ላይ እንደሚቆም አንብቡ። ከዚህ ጋር፣ ከርነሉ ሲነሣ ጊዜውን ከሰዓቱ እንዲወስድ የሚያዝ ሌላ ምርጫ በዚያው ምዕራፍ አለና እርሱንም ኮከብ ሰጠነው።

ጽሑፉን ወደ ከርነል መለወጡ በራሷ በሣጥኗ ላይ ቢደረግ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ በላፕቶፕ ላይ ሆኖ ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር መሥራት ይሻላል፤ ለዚህም ክሮስ ኮምፓይለር የሚባል አለ። አዲሱን ከርነል ስትጭኑ የቀድሞውን አታጥፉ፤ ስሙን ለውጣችሁ በጎን አስቀምጡት።

አዲሱ ከርነል በሰላም ተነሣ። ሰዓቱ ግን አልታየም! ድራይቨሩ አለ፤ ገመዱ ትክክል ነው፤ ባትሪው አዲስ ነው፤ ሣጥኗ ግን አሁንም 1962 ዓ.ም. ላይ ናት። ሁለት ቀን ሙሉ ሰዓቱን የሸጠልንን ሰው በሐሜት በላነው። ሰውየው ምንም አላጠፋም ነበር። ዩኤስቢ ላይ የተሰካ ነገር እኔ እገሌ ነኝ ብሎ ስሙን ይናገራል፤ በአይቱሲ ላይ ያለ ግን ካልጠሩት ዝም ነው። እገሌ በዚህ አድራሻ አለ ተብሎ ለከርነሉ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ የሚነገርበትም ጽሑፍ ዲቫይስ ትሪ ይባላል፤ የመሣሪያው የቤተ ሰብ መዝገብ ብንለው ያስኬዳል። በራስበሪ ፓይ ላይ ይህ በካርዱ መነሻ ክፍል ባለችው የኮንፊግ ጽሑፍ ውስጥ በአንድ መሥመር ይፈጸማል። መሥመሩን ጻፍን፤ ጊዜውን አንድ ጊዜ በእጃችን ሞላን፤ ገመዱን ነቅለን አንድ ሌሊት አሳደርናት። ጧት ስትነሣ ቀኗ ትክክል ነበር። ፕሮግራማችንንም ያለ ስም ላይ ደርቦ እንዳይጽፍ አረምነው፤ ይህ ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበት ነው፤ ከርነልን አይመለከትም።

ቴሌቪዥኑ ከተገናኘ አይቀር ብለን ደግሞ የቅጂዎቹ ስም በፊደላችን እንዲታይ ፈለግን። የከርነሉ ጥቁር ሰሌዳ፣ ኮንሶል የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ የፊደል ቅርጽ አይዝም፤ 512 ሲይዝም ከቀለሞቹ ገሚሱን ያጣል። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው። የዐረብኛ ፊደል እየተቀጣጠለ ቅርጹን ስለሚለውጥ ይህ ሰሌዳ ይቸግረዋል፤ የእኛ ግን እያንዳንዱ በየሳጥኑ ይቀመጣል። ጎሃ የሚባል ለዚሁ ሰሌዳ የተዘጋጀ የግዕዝ ፎንትም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ከሊኑክስ ጋር ይገኛል።

የጉራጊኛው ነገር ግን እዚህ ላይ አቆመን። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ግዕዝን ሲቀበል ለሰባት ቤት ጉራጌ አነጋገር የሚያስፈልጉት ፊደላት ገና አልነበሩም። ከፊሎቹ በ2005 ከ26 ምልክቶች ጋር ገቡ፤ ሌሎች 28 ደግሞ በ2021። ቆጠርናቸው፤ ዋናው የግዕዝ ሠንጠረዥ 358፣ እነዚህ 26ና 28፣ የላቲኑ መሠረታዊ ምልክት 95፤ ድምሩ 507። ለ512 አምስት ቦታ ይተርፋል! ደስታችን ግን አልቆየም። የኮንሶሉ ጽሑፍ የፊደል ቁጥር ከ65,535 በላይ ከሆነ አላውቀውም ብሎ ያልፈዋል። ሀ ቁጥሯ 4,608 ነውና ትታያለች፤ የ2021ዎቹ የጉራጌ ፊደላት ግን ከ124,896 ጀምሮ የተቀመጡ ናቸው። ይህ በሜኑኮንፊግ በኮከብ የሚፈታ አይደለም፤ ጽሑፉ ራሱ መታረም አለበት፤ አለዚያም ከከርነሉ ውጭ ያለ ፕሮግራም ስክሪኑን እንዲሥል ማድረግ ነው። ለጊዜው ሁለተኛውን ይዘናል። የመጀመሪያውን የሚደፍር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ካለ በማኅበሩ ቢሮ ቢጠይቀን ያየንበትን ቦታ እናሳየዋለን።

አያትየውን ይቅርታ ልንጠይቅ ስንሄድ፣ «እማማ፣ የነገሩንን ተረት ማሽኑ አጠፋብን» አልናቸው። ማሽኑ ማለታችን ደግ አልነበረም። «ታዲያ ልጆቼ፣ እናንተ ሰምታችሁት የለ?» አሉን። ሰምተናል፤ ነገር ግን ከመካከላችን ጉመርኛ የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም መካከሉን አያስታውስም። በኋላ ደግመው ነገሩን። ይህኛው ቅጂ ትክክለኛ ቀኑን ይዞ፣ በሁለት ቦታ ተቀምጧል፤ ርዝመቱ 11 ደቂቃ ነው።