ስለ ናፍታ ሞተርና ስለ ሸዋ ቤንች እሸት ቡና

የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሞተር ምን አገባችሁ የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ የቡናን ዋጋ ስንመረምር ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከመፈልፈያው ሞተር ላይ ስለሚያደርሰን ነው።

በሸዋ ቤንች፣ እንዲሁም በሚዛንና በቴፒ ዙሪያ፣ ገበሬው ቀን የለቀመውን ቀይ እሸት ወደ ማታ ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። እሸቱ በዚያው ሌሊት መፈልፈል አለበት፤ በጆንያ እንደ ታጨቀ ከቆየ ይግልና ይቦካል፤ የታጠበ ቡናም ዋጋ አያወጣም። መብራት በሌለበት ወይም በሚጠፋበት ሰዓት ይህን ሥራ የሚሸከመው የናፍታ ሞተር ነው። ስለዚህ የሞተሩ ነገር የአንድ ቤተሰብ የዓመት ገቢ ነገር ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በአውግስቡርግ ያስመረመረው ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ከመቶ 26 እጅ ያህሉን ወደ ሥራ ለወጠ። ምሥጢሩ ካንዴላ አለመሻቱ ነው፤ ፒስቶኑ አየሩን ብቻ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ አየሩም እጅግ ስለሚግል ነዳጁ ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የቻይናው ዌይቻይ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ከመቶ 53 እጅ መድረሱን አስታውቋል። የሚያስደንቅ ነው።

ታዲያ ለሸዋ ቤንች የሚሻለው ይኸው ነውን? አይመስለንም። በአሮጌው ሞተር ናፍታው በ200 ባር ገደማ ይረጫል፤ በአዲሶቹ ግን ግፊቱ ከ2,000 ባር ያልፋል፤ የሚረጭበትም ቀዳዳ እንደ ጠጉር የቀጠነ ነው። በጀሪካን ተጭኖ በጭቃ መንገድ የመጣ፣ ውሃና አቧራ የነካው ናፍታ እንዲህ ያለውን ኢንጀክተር ፈጥኖ ይገድለዋል፤ የሚመረምረውም የሰፈር መካኒክ ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው። አሮጌውን ግን መካኒኩ በመፍቻ ፈትቶ፣ ፊልትሮውን አጥቦ፣ ሳይነጋ ያስነሣዋል። በቤተ ሙከራ አንደኛ የወጣ ሞተር በለቀማ ሌሊት ከቆመ ውጤቱ ዜሮ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲነገር፣ ‹‹ዲዝል አበቃለት›› ያሉ ነበሩ። ናፍታ ከውጭ በዶላር እንደሚገዛ አንክድም፤ መብራት በማይቋረጥበት ጣቢያ የኤሌክትሪክ ሞተር እንደሚበልጥም እናምናለን። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ እሸቱ ውሳኔ አይጠብቅም።

እንግዲህ ቁጠባው በሌላ በኩል ይፈለግ። አንደኛ፣ ሞተሩ ለሥራው ይለካ። እሸት ለሚጎርፍባቸው ጥቂት ቀናት ተብሎ የተገዛ ትልቅ ሞተር በቀረው ወራት በትንሽ ሸክም እየዞረ ናፍታ ያባክናል፤ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ይሻላሉ፤ አንዱ ቢታመም ሌላው አለና። በ1,400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳሩ ከመቶ 14 እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን እንደሚቀንስ አብሮ ይታሰብ።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ይማርከናል። ነዳጁ ከሚሰጠው ሙቀት ከግማሽ የሚበልጠው በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይጠፋል። በዚያ ዝናባም አገር ደግሞ የታጠበው ቡና በአልጋ ላይ ፀሐይ ሲጠብቅ ይሰነብታል። የራዲያተሩን ሞቃት ነፋስ በቦይ ወደ ማድረቂያ ቤት መምራት ቆርቆሮና ማራገቢያ እንጂ አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። ጭሱ ግን በሌላ ቱቦ ርቆ ይውጣ፤ ቡና የባዕድ ሽታ ፈጥኖ ይቀበላል።