ስክሪን ከመቀየራችሁ በፊት፦ ከከርነል አፕዴት በኋላ የላፕቶፕ ብርሃን ሲያስቸግር



በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ከራሴ ስህተት የመጣ ነው። ባለፈው ሴሚስተር ፋይናል ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው አንዲት የባቻችን እህት ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ኡቡንቱ የተጫነበት ነው። ስክሪኑ በጣም ደብዝዟል፤ ቀን ላይ ጭራሽ አይነበብም። የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ስትጫን ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ከፍ ይላል፤ ብርሃኑ ግን ንቅንቅ አይልም። እኔም ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳላየው «ስክሪኑ ሞቷል፣ መቀየር አለበት» አልኳት። አመነችኝ። ወንድሟ ለወሩ ወጪ ብሎ የላከላትን ገንዘብ አውጥታ ያገለገለ ስክሪን አስገጠመች። የተገጠመውም ልክ እንደ አሮጌው ደብዛዛ ሆነ።

ያን ጊዜ ነው «ከመበላሸቱ በፊት ምን አድርገሽ ነበር?» ብዬ የጠየቅኳት። «ብዙ ጊዜ ሳላደርግ የቆየሁትን አፕዴት ላይብረሪ ውስጥ ዋይፋይ ሳገኝ አደረግኩት። ሪስታርት ስለው እንዲህ ሆነ» አለችኝ። መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን መጨረሻ ላይ ጠየቅኩ። ላፕቶፑ በአንድ ምሽት ከከርነል 5.15 ወደ 6.8 ተሻግሮ ነበር። ችግሩ በአንድ መስመር ጽሑፍ ተፈታ፤ የወጣው ገንዘብ ግን ወጥቶ ቀረ። ሌላ ሰው በእንዲህ ዓይነት ምክር እንዳይከስር የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላካፍላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኩት እንደሚነበቡ በፊደላችን ነው። ተርሚናል ላይ ስትጽፏቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ነው።

ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

የአብዛኞቻችን ላፕቶፕ ስክሪን ኤልሲዲ ነው። ኤልሲዲ በራሱ ብርሃን አይሰጥም፤ ከጀርባው የተደረደሩ ትንንሽ የኤልኢዲ መብራቶች አሉ። ባክላይት የሚባለው ይህ የጀርባ መብራት ነው። ብርሃኑ የሚቀንሰው በአብዛኛው መብራቶቹ በሰከንድ በመቶዎች ወይም በሺዎች ጊዜ እየጠፉ እየበሩ ነው፤ ጠፍተው የሚቆዩበት ጊዜ ሲረዝም ለዓይናችን ደብዛዛ ይሆናል።

ቁልፉን ስንጫን መልእክቱ በሰንሰለት ይሄዳል። ቁልፉ ለከርነል ይነግራል፤ ከርነሉ ለዴስክቶፑ ያሳውቃል፤ ዴስክቶፑ አዲሱን ቁጥር መልሶ ለከርነል ይሰጣል፤ ከርነሉ በድራይቨሩ በኩል መብራቱን ያዛል። ሰንሰለቱ የትም ቦታ ቢበጠስ ለእኛ የሚታየን አንድ ነገር ነው፦ «ብርሃኑ አይሠራም»። ሥራችን የተበጠሰውን ቀለበት ማግኘት ነው።

ስክሪኑ ጭራሽ ጥቁር ከሆነባችሁ የስልካችሁን ባትሪ መብራት አስጠግታችሁ በአግድም አብሩበት። ምስሉ በደብዛዛው ከታያችሁ ስክሪኑ እየሠራ ነው፤ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ብቻ ነው።

አፕዴት ለምን ያበላሸዋል?

ወደ ጀርባ መብራቱ የሚወስዱ ሦስት ዋና ዋና በሮች አሉ። አንደኛው የግራፊክስ ድራይቨሩ በቀጥታ የሚያዝበት ሲሆን «ኔቲቭ» ይባላል። ሁለተኛው በላፕቶፑ ፈርምዌር፣ ማለትም በኤሲፒአይ በኩል የሚያልፈው «ቪዲዮ» ነው። ሦስተኛው የላፕቶፑ አምራች ለራሱ ሞዴል ያበጀው «ቬንደር» ነው። በአንዱ ላፕቶፕ የመጀመሪያው ይሠራል፣ በሌላው ሁለተኛው፤ ሌላው ደግሞ በሩ ያለው ይመስላል፣ ከበስተጀርባው ግን ምንም የለም።

ቀድሞ ከርነሉ ለአንድ ስክሪን ሁለትና ሦስት በር ከፍቶ ምርጫውን ለዴስክቶፑ የሚተውበት ጊዜ ነበር። በታኅሣሥ 2022 እንደ ፈረንጆቹ የወጣው ከርነል 6.1 ይህን አሠራር ለወጠው። ሥራውን የመራው የከርነል ገንቢው ሃንስ ደ ኹዴ ነው። ዓላማው ለአንድ ስክሪን አንድ በር ብቻ እንዲኖርና ከርነሉ ራሱ እንዲመርጥ ነበር። ለአብዛኛው ላፕቶፕ መልካም ሆነ። ለአንዳንድ፣ በተለይ ቆየት ላሉ ሞዴሎች ግን የተመረጠው የማይሠራው በር ሆነ። ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ ከርነሉ 5.15 ነበር፤ በኋላ በአፕዴት 6.2፣ 6.5፣ ከዚያም 6.8 ደረሰው። ማለትም ኡቡንቱውን ሳይቀይር የቆየ ተማሪ እንኳ ይህን መስመር ሳያውቀው ይሻገራል።

እርምጃ 1፦ ወደ ትክክለኛው ቦታ ተመለሱ

መድረሳ ውስጥ ስንቀራ ስንሳሳት ኡስታዛችን ከሱራው መጀመሪያ አያስጀምረንም ነበር፤ በትክክል ወደቀራነው የመጨረሻ ቦታ ይመልሰንና ከዚያ ያስቀጥለናል። ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ ወዲያው ይታወቃል። እዚህም እንደዚያው ነው።

ኡቡንቱ አፕዴት ሲያደርግ የቀድሞውን ከርነል አያጠፋም። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የአምራቹ ምልክት እንደታየ ኤስኬፕ የሚለውን ቁልፍ አንዴ ተጫኑ፤ በቆዩ ላፕቶፖች ሺፍትን ይዞ መቆየት ነው። ኤስኬፕን ደጋግማችሁ ከተጫናችሁ ጥቁር የትእዛዝ መስመር ሊመጣ ይችላል፤ አትደንግጡ፣ አጥፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከዝርዝሩ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን፣ ቀጥሎም ቁጥሩ አነስ ያለውንና «ሪከቨሪ» የሚል የሌለበትን ከርነል ምረጡ። ከገባችሁ በኋላ የትኛው ከርነል ላይ እንዳላችሁ «ዩኔም -አር» ይነግራችኋል፤ «ዩ» እና «ኔም» ተያይዘው ይጻፋሉ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝና አር።

ብርሃኑ ከተመለሰ ስክሪኑም ኬብሉም ጤነኛ ናቸው፤ ለጥገና አንድ ብር አታውጡ። ፈተና ላይ ከሆናችሁ ፈተናው እስኪያልቅ በቀድሞው ከርነል ሥሩ። ለወራት ግን አትቆዩበት፤ የከርነል አፕዴት የደኅንነት ማስተካከያም ይዞ ይመጣል።

በቀድሞውም ከርነል ካልተመለሰ ወደ ባዮስ ግቡና እዩ። ሊነክስ ገና ሳይነሳ እዚያም ደብዛዛ ከሆነ ያን ጊዜ ኬብልና ስክሪን መጠርጠር ተገቢ ነው።

እርምጃ 2፦ በሩን እዩ

አሁን በአዲሱ ከርነል ግቡ። ተርሚናል ክፈቱና «ኤልኤስ /ሲስ/ክላስ/ባክላይት» ብላችሁ ጻፉ። «ሲስ» የሚጻፈው ኤስ፣ ዋይ፣ ኤስ ተብሎ ነው። የምታገኙት የበሩን ስም ነው። በኢንቴል ላይ «ኢንቴል_ባክላይት»፣ በኤኤምዲ ላይ «ኤኤምዲጂፒዩ_ቢኤል» ብሎ ቁጥር፣ በፈርምዌር በኩል ከሆነ «ኤሲፒአይ_ቪዲዮ0» ይላል።

በዚያ ፎልደር ውስጥ «ማክስ_ብራይትነስ» የሚል ፋይል አለ። «ካት» በሚለው ትእዛዝ አንብቡት። ትልቁ ቁጥር ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ይለያያል፤ በአንዱ 15፣ በሌላው 255፣ በሌላው ብዙ ሺህ ይሆናል። ስለዚህ የጓደኛችሁን ቁጥር አትዋሱ።

እርምጃ 3፦ ቁልፉን ትታችሁ በእጅ ሞክሩ

የትልቁን ቁጥር ግማሽ ውሰዱ። 255 ከሆነ 128 በሉ። ከዚያ «ኤኮ 128»፣ ቀጥሎ የቋሚ መስመር ምልክት፣ ቀጥሎ «ሱዶ ቲ»፣ ቀጥሎ «ብራይትነስ» የሚለውን ፋይል ከሙሉ አድራሻው ጋር ጻፉ። «ቲ» በቲ ሆሄና በሁለት ኢ ይጻፋል። ብዙዎች «ሱዶ ኤኮ» ብለው በቀስት ምልክት ሊጽፉ ይሞክሩና ይከለከላሉ። ምክንያቱ ሱዶ ሥልጣን የሰጠው ለኤኮ ብቻ መሆኑ ነው፤ ፋይሉን የሚከፍተው ሼሉ ግን አሁንም በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ላይ ነው። ዜሮ አትጻፉ፤ በአንዳንድ ላፕቶፕ መብራቱን ጨርሶ ያጠፋዋል።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት፦

ሀ. ብርሃኑ ከተለወጠ ከርነሉ ጤነኛ ነው። የተበላሸው የቁልፉ ወይም የዴስክቶፑ ቀለበት ነው። ለጊዜው «ብራይትነስሲቲኤል» የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም ጭናችሁ ተጠቀሙ።

ለ. ቁጥሩ ተቀብሎ ብርሃኑ ካልተለወጠ በሩ የተሳሳተ ነው። ወደ እርምጃ 4 ሂዱ። የእህታችን ላፕቶፕ እዚህ ላይ ነበር።

ሐ. ፎልደሩ ባዶ ከሆነ ከርነሉ ምንም በር አላገኘም። መጀመሪያ እርምጃ 5ን አንብቡ።

መ. ሁለት ስም ካገኛችሁ ሁለቱንም በየተራ ሞክሩ፤ የሚሠራውን ማስታወሻ ያዙ።

እርምጃ 4፦ ለከርነሉ የትኛውን በር እንዲወስድ ንገሩት

መጀመሪያ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩ። በማስነሻው ዝርዝር ላይ አዲሱ ከርነል ላይ ቆማችሁ «ኢ» የሚለውን ሆሄ ተጫኑ። «ሊነክስ» ብሎ የሚጀምረውን መስመር ፈልጉ፤ በመስመሩ መጨረሻ ላይ ክፍት ቦታ ተዉና «ኤሲፒአይ_ባክላይት=ቪዲዮ» ብላችሁ ጨምሩ። ኤሲፒአይ አራት ሆሄ ነው፦ ኤ፣ ሲ፣ ፒ፣ አይ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው የታች ሰረዝ ነው፤ በውስጡ ክፍት ቦታ የለም። ኮንትሮልና ኤክስን አብራችሁ ስትጫኑ ይነሳል። ካልሠራ ሪስታርት አድርጉና «ቪዲዮ» በሚለው ፋንታ «ኔቲቭ»፣ ቀጥሎም «ቬንደር» ብላችሁ ሞክሩ። አንድ ጊዜ አንድ ብቻ ለውጡ፤ ሁለት ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። ይህ ሙከራ ምንም አያበላሽም፤ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል።

የሚሠራው ሲገኝ ቋሚ አድርጉት። «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግረብ» የሚለውን ፋይል መጀመሪያ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በሱዶ ክፈቱና «ግረብ_ሲኤምዲላይን_ሊነክስ_ዲፎልት» በሚለው መስመር፣ በትእምርተ ጥቅሱ ውስጥ፣ «ኳይት ስፕላሽ» ካለው ቀጥሎ ክፍት ቦታ ትታችሁ ጨምሩት። ሴቭ አድርጉና «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» ብላችሁ ሪስታርት አድርጉ። በእህታችን ላፕቶፕ የሠራው «ቪዲዮ» ነበር።

እርምጃ 5፦ በሩ ያልሆኑ ሌሎች ምክንያቶች

ኤንቪዲያ ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ የኩባንያው ድራይቨር ለእያንዳንዱ አዲስ ከርነል እንደገና መገንባት ሊኖርበት ይችላል። የከርነሉ ሄደርስ ፓኬጅ ካልተጫነ ወይም ኢንተርኔቱ አፕዴቱ መሃል ላይ ከተቋረጠ ድራይቨሩ ሳይገነባ ይቀራል፤ ብርሃኑም ሪዞሉሽኑም አብረው ይበላሻሉ። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ስትሉ አዲሱ ከርነል በዝርዝሩ ከሌለ ሄደርሱን ጭናችሁ ድራይቨሩን እንደገና ጫኑ።

ሌላው «ኖሞድሴት» የሚለው ቃል ነው። ብዙዎቻችን ኡቡንቱ ስንጭን ችግር ሲገጥመን ግረብ ላይ ጨምረን እንረሳዋለን። ይህ ቃል የግራፊክስ ድራይቨሩን ሥራ ስለሚያግድ ኔቲቩን በር ይዘጋዋል። ካገኛችሁት አውጡት።

የኤኤምዲ ግራፊክስና ኦሌድ ስክሪን ላለው ላፕቶፕ ነገሩ ይለያል። ኦሌድ የጀርባ መብራት የለውም፤ የብርሃኑ ትእዛዝ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ከርነሉ መንገዱን ሲስት «ኤኤምዲጂፒዩ.ባክላይት=0» የሚለው የሚጠቅምባቸው ሞዴሎች አሉ፤ ይህንንም እንደ እርምጃ 4 ለአንድ ጊዜ ሞክሩት።

የማትሠሯቸው ነገሮች

«ኤክስራንድአር» በሚባለው ትእዛዝ ብርሃን መቀነስን እንደ መፍትሔ አትውሰዱ። እሱ የሚያጠቁረው ቀለሙን ነው፤ የጀርባ መብራቱ እንደበራ ነው። በመብራት መቋረጥ ጊዜ ባትሪ የቆጠባችሁ እየመሰላችሁ ምንም አትቆጥቡም። ችግሩ ሳይፈታ የቀድሞውን ከርነል አታጥፉ፤ መመለሻ መንገዳችሁ እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ደግሞ ኡቡንቱን ከነፋይሉ አጥፍቶ እንደገና መጫን አያስፈልግም። የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሲሠራላችሁ «ኡቡንቱ-በግ ሊነክስ» በሚለው ትእዛዝ ሪፖርት አድርጉ። ገንቢዎቹ የላፕቶፑን ሞዴል በዝርዝራቸው ውስጥ ሲያስገቡ ተመሳሳይ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሁሉ ይገላገላል። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ ከርነል ሲመጣም የጨመራችሁትን ቃል አውጥታችሁ ፈትሹ፤ ምናልባት አያስፈልግም ይሆናል።

የእህታችን ላፕቶፕ አልሐምዱሊላህ ለፈተናው ደረሰ። አሮጌው ስክሪን ጤነኛ ስለነበር በካርቶን ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ለተገጠመው ያወጣችውን ገንዘብ እሷ «ተወው» ብትለኝም ግማሹን ከፍያታለሁ፤ ቀሪው እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የምከፍለው ዕዳ ነው። ሰው ላፕቶፑን ይዞ ሲመጣብኝ አሁን ስክሪኑን ከማየቴ በፊት እጠይቃለሁ፦ «ከመበላሸቱ በፊት ምን ተለወጠ?» እናንተም ጠይቁ። መልሱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ «አላውቅም፣ አብረን እንየው» በሉ፤ ይህን ማለት ገንዘብ አያስወጣም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።