የበሽታ መከላከያችን አንጎል ውስጥ ምን ይሠራል?

ልጅ ብቻውን ማውራት ሲጀምር፣ ከሰው ሲሸሽ፣ «ምግቤ ውስጥ መርዝ ጨመሩብኝ» ሲል፣ ቤተሰብ ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ «ከማን ወረሰው?» የሚል ነው። እናት የአባትን ወገን ታያለች፤ አባትም የእናትን።

የዘር ድርሻ መኖሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ምልክቶች ከሚታዩበት የአእምሮ ሕመም፣ ከስኪዞፍሬኒያ ጋር የተያያዙ 108 የዘረ-መል ስፍራዎችን ለየ። ከሁሉም ጎልቶ የታየው ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያለው ነበር፤ የሰውነት መከላከያ ዘረ-መሎች የታጨቁበት። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ስቲቨን ማካሮል፣ ቤት ስቲቨንስና ባልደረቦቻቸው እዚያው ስፍራ ሲ4 የተባለውን ዘረ-መል ነጥለው አወጡ።

የሲ4 ፕሮቲን ጀርም ላይ እየተለጠፈ ተከላካይ ሕዋሳት እንዲበሉት ያመላክታል። አንጎል ውስጥም የነርቭ ሕዋሳት መጋጠሚያዎች ላይ ይገኛል፤ በአይጦች እንደታየው መጋጠሚያዎቹ እንዲቀነሱ ያግዛል። ምልክት ያረፈባቸውን የሚበሉት ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው። በጉርምስና ዕድሜ መጋጠሚያዎች መቀነሳቸው ጤና ነው፤ ቡናም ካልተገረዘ በደንብ አያፈራም። የተመራማሪዎቹ ግምት በታማሚዎቹ ላይ መግረዙ ከልክ ያልፋል የሚል ነው። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በአሥራዎቹ ማብቂያና በሃያዎቹ ብቅ ማለቱም ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሆኖም ሲ4 የሚጨምረው ስጋት ጥቂት ነው፤ ሲ4 የበዛባቸው አብዛኞቹ ሰዎች አይታመሙም። ስለዚህ የአያት ስም እየጠሩ መካሰሱ ይቅር።

የመከላከያው ሌላ ሥራ የሆነው ብግነትስ? በአንዳንድ ታማሚዎች ደም ውስጥ የብግነት ምልክቶች ከፍ ብለው ይገኛሉ። ግን ሲጋራም፣ ውፍረትም፣ ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርጋቸዋል፤ በደም ምርመራ ብቻ «ስኪዞፍሬኒያ ነው» ማለት አይቻልም። ብግነትን ያበርዳል የተባለው ሚኖሳይክሊን እንግሊዝ ውስጥ በ207 ታማሚዎች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት ዝምታንና ከሰው መገለልን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። እንግዲህ የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒቱን ሃሎፔሪዶልን አስቁሞ ብግነት የሚያበርደውን ዲክሎፌናክ መስጠት ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛም ነው። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ይያዙ። ለውጡ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ድንገት መጥቶ፣ ትኩሳት፣ የሚጥል መንዘፍዘፍ ወይም ያልተለመደ የፊትና የአፍ እንቅስቃሴ ካለበት፣ መከላከያው ራሱን አንጎልን እያጠቃ ሊሆን ይችላል። ይህ ከስኪዞፍሬኒያ የተለየ ሕመም ነው፤ የራሱ ሕክምና ያለው፣ በተለይ ወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ከድምፅ መስማቱ በፊት ትኩሳቱንና መንዘፍዘፉን፣ መቼ እንደጀመረውም ይንገሩ፤ ከጀርባ የሚቀዳ ፈሳሽ ይመረመር እንደሆነም ይጠይቁ።