ፕላኑ ላይ ያሉት ሁለት በሮች

«እትዬ፣ የምጽፍልዎት ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ለዓመታት ትራክ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አሁን ቤታችንን አከራይተን፣ በፒክአፕ የሚጎተት ካምፐር ገዝተን፣ ከሦስት ልጆቻችን ጋር አንድ ዓመት አሜሪካን እየዞርን ልንኖር አስበናል። ትልቁ ወንድ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ጥንዚዛ እየለቀመ በብልቃጥ ያስቀምጣል። ትንሹ 6 ዓመቱ ነው፤ ከብስክሌቱ አይወርድም። ሴቷ 14 ዓመቷ ነው። 28 ጫማ ርዝመት ለአምስት ሰው ይበቃል? የሽንት ቤቱ ታንክ በስንት ቀን ይደፋል? ትምህርታቸውስ እንዴት ይሆናል? ዘመድ ሁሉ አብዳችኋል ይለናል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ቢያንስ እዚያ ውስጥ ልጄ በር ዘግታብኝ አትውልም። የመረጥነውን ካምፐር ፕላን አያይዤልዎታለሁ።»

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽ ረጅም ነው፤ እዚህ የወጣው ሲሶው አይሆንም። ስለ ታንኩ ብቻ አንድ ሙሉ አንቀጽ አለሽ። እኔን ያስቆመኝ ግን በሩ ነው። እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው አልፈሻል፤ እኔ ደግሞ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው።

የወንዶቹን ነገር ስትጽፊ እጅሽ አልሰሰተም። ጥንዚዛው አለ፣ ብልቃጡ አለ፣ ብስክሌቱ አለ። ልጅቷ ጋ ስትደርሺ ዕድሜዋን ትነግሪኝና ትሄጃለሽ፤ ተመልሰሽ የምትመጪው በሩን ስትዘጋ ነው። ምን ትወዳለች? ጓደኛዋ ማን ናት? በሩን መዝጋት የጀመረችው መቼ ነው? ዓመቱን ሙሉ ልትወስጃት ስላሰብሽው ጉዞስ ምን አለች? አንድ ቃል የለም። አልጠየቅሻትም ብዬ እወራረዳለሁ።

ከዚያ ፕላኑን አየሁት። ከኋላ፣ ከሽንት ቤቱ ጎን፣ ተደራራቢ አልጋ አለ፤ የወንዶቹ ነው። ከፊት ትልቅ አልጋ ያለው ክፍል አለ፤ የእናንተ ነው። መሀል ላይ የምግብ ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ አልጋ ይሆናል፤ እዚያ ላይ በእስክሪብቶ የልጅቷን ስም ጽፈሻል። እስቲ አስቢው። እራት ተበልቶ፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ጠረጴዛው ወርዶ፣ ፍራሹ እስኪነጠፍ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ጠዋት ትንሹ ሲሪያል ሲያምረው እሷ ተነስታ አልጋዋን መልሳ ጠረጴዛ ታደርጋለች። ሌሊት ሽንት ቤት ስትሄዱ አንቺና ባልሽ የምታልፉት በራስጌዋ ነው። ደግሞም እዚያ ውስጥ በር ጠፍቶ አይደለም። ሁለት በር አይቻለሁ፦ አንዱ የሽንት ቤቱ፣ ሌላው ተንሸራታቹ፣ የአንቺና የባልሽ።

«እኛስ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን አላደግንም ወይ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። የኛ ሰው ይህችን ነገር ይወዳታል። አዎ፣ አድገናል። ግን ክፍሉ ውስጥ መች እንቀመጥ ነበር? ግቢ ነበረ፤ ጎረቤት ነበረ፤ ሱቅ ስንላክ ሆን ብለን የምንዘገይበት መንገድ ነበረ። ከእናቱ የተኳረፈ ልጅ አክስቱ ቤት ሄዶ ያድር ነበር፤ እናትም የት እንዳለ እያወቀች አልሰማሁም ብላ እስከ ማግስቱ ትተወዋለች። ያንቺ ልጅ በማታውቀው ከተማ፣ ዋልማርት መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ካንቺ ጋር ብትጣላ ወዴት ትወጣለች? ብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ በብዙ ቦታ ስልክ እንኳ በቅጡ አይሠራም። ካምፑ ውስጥ ጓደኛ ብታገኝም ቶሎ ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ የፓርክ ካምፖች ከ14 ቀን በላይ አያስቀምጡም።

በካምፐር መኖር ላይ ጠብ የለኝም። ባልሽ ለዓመታት ብቻውን ከመሪ ኋላ ሆኖ ያየውን አገር ልጆቹ እንዲያዩለት መፈለጉ ደስ ይላል። ጥንዚዛ ለሚለቅመው ልጅማ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የከነከነኝ ያንቺ ደስታ ነው። በሩ ሲጠፋ ልጅቷ ትገኛለች ያለሽ ማን ነው? ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ትሰካለች፣ ብርድ ልብሷን ትከናነባለች፣ ካንቺ ሁለት ክንድ ርቃ «እሺ» እና «ምንም» ብቻ እያለች ከቨርጂኒያ እስከ ካሊፎርኒያ ታደርስሻለች። የ14 ዓመት ልጅ በር መዝጋቷ የዕድሜዋ ነው። ከዕድሜ ያለፈ ነገር ካለ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት የገጠማት ወይም በስልኳ የመጣባት፣ የምትሰሚው ዛሬ ባለው በር አንኳኩተሽ ስትገቢ ነው። ለመሆኑ አንኳኩተሽ ታውቂያለሽ? እጀታውን እያዞሩ «ልግባ?» ማለት አይቆጠርም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንኳኪ። «ግቢ» ካለችሽ ፕላኑን ይዘሽ ግቢና የት መተኛት እንደምትፈልግ ጠይቂያት። «ጭራሽ አልሄድም» ካለችሽም አትቆጪያት፤ ለምን እንደሆነ እስክትነግርሽ ቁጭ በይ። ዓመት የተባለው ጉዞ አንድ ሰመር ቢሆን ባልሽ አይሞትም።

የጠየቅሽኝን ባጭሩ፦ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሳምንት ተከራይታችሁ ሸናንዶዋ ሂዱ፤ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ያለው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለሆነ ካምፐሩን ከነኤሲው ለኩት፤ አድራሻችሁ ቨርጂኒያ ከሆነም የሆምስኩል ማስታወቂያችሁን እስከ ኦገስት 15 አስገቡ።

ልጅሽ እሺ ካለች፣ ተንሸራታች በር ያለውን ክፍል ለእሷ ስጧት፤ አንቺና ባልሽ ጠረጴዛው ላይ ተኙ። ይህን አንብበሽ «አሁንስ አበዛችው!» ካልሽ፣ ለምን እንዳልሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። የታንኩን ነገር ያኔ እንነጋገራለን።